ለኢኮኖሚክስ መምህር የትኛው ሥልጠና ይሻላል? ጅማና ዙሪያዋ ላሉ መምህራን የንጽጽር መመሪያ

ኢኮኖሚክስ ድሮ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ትምህርት ነበር። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል። ክፍሉ ሲበዛ መምህሩ በዚያው ልክ አልበዛም። ስለዚህ ዛሬ ሰሌዳው ፊት የሚቆመው ሰው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ በኢኮኖሚክስ ተመርቆ ማስተማርን ያልተማረ ነው። ሌላው ማስተማር የሚያውቅ፣ ነገር ግን ጂኦግራፊ ወይም ታሪክ አጥንቶ "ይቺንም ያዛት" የተባለ ነው። ሦስተኛው ኢኮኖሚክስንም ማስተማርንም ተምሮ ዕውቀቱ ከአገሩ ኢኮኖሚ ጋር እኩል መራመድ ያቃተው ነው። ለሦስቱም የሚሰጠው ምክር "ሥልጠና ውሰድ" የሚል ነው። የትኛውን? የሚለው ላይ ግን ምክሩ ያልቃል።

ከመመዝገብ በፊት የግማሽ ሰዓት ሥራ

ጉድለቱ ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው፦ የትምህርቱ ዕውቀት፣ የማስተማር ዘዴ ወይም ወረቀት። አንድ ሥልጠና ሦስቱንም አይሞላም፤ ማስታወቂያው ግን ሁልጊዜ ሦስቱንም እንደሚሞላ ነው የሚናገረው። የእርስዎን ለመለየት መጽሐፉን ዘግተው እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይሥሩ።

አንደኛ፦ የአንድ ኪሎ ሙዝ ዋጋ ከ40 ወደ 60 ብር ሲወጣ በቀን የሚሸጠው ከ100 ኪሎ ወደ 80 ወረደ። ኢላስቲሲቲው (የሚሸጠው ብዛት ለዋጋ ለውጥ የሚሰጠው ምላሽ) ስንት ነው? ከ40 ተነሥተው ቢያሰሉ 0.4 ያገኛሉ (የመቀነስ ምልክቱን ትተን)። ዋጋው ከ60 ወደ 40 ወረደ ብለው ቢያሰሉ 0.75 ይመጣል። ያው ሁለት ነጥብ፣ ሁለት መልስ። ለውጡን ለሁለቱ ጫፎች አማካይ በሚያካፍለው በመካከለኛው ነጥብ ቀመር ሲሠራ 0.56 ገደማ ይሆናል፤ ከየትኛውም ጫፍ ቢነሡ አይለወጥም። ቀመሩን ማስታወስ ብቻ አይበቃም። "ቲቸር፣ እኔ 0.75 አገኘሁ፤ ተሳሳትኩ?" ለሚል ተማሪ የሚሰጠው መልስ ነው የሚፈለገው።

ሁለተኛ፦ ብራዚል ላይ ውርጭ ወርዶ ቡናዋን መታው እንበል፤ በፈረንጆች 2021 ሐምሌ በእርግጥም ሆኗል። የጅማ ቡና ገበያ ላይ የሚዛወረው የትኛው ከርቭ (የግራፍ መስመር) ነው፤ የፍላጎት ወይስ የአቅርቦት? ብዙ ሰው ቸኩሎ "አቅርቦት" ይላል። አቅርቦቱ ወደ ግራ የሚዛወረው በዓለም ገበያ ነው። ጅማ ላይ ዛፉም ጀንፈሉም አልተነካም፤ የተነካው የእኛን ቡና የሚፈልገው ገዢ ነው። ስለዚህ የፍላጎት ከርቩ ወደ ቀኝ ይዛወራል፤ ሻጩ ደግሞ በነበረው የአቅርቦት ከርቭ ላይ ወደ ላይ ይንሸራተታል።

ሦስተኛ፦ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ ወደ 15 በመቶ ወረደ ማለት ዕቃ ረከሰ ማለት ነው? አይደለም። መነሻው 100 ብር የነበረ ዕቃ በመጀመሪያው ዓመት 130፣ በሁለተኛው 149 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። የወረደው ፍጥነቱ ነው።

ከሦስቱ ሁለቱን ካልመለሱ ጉድለቱ ዕውቀት ነው፤ የማስተማር ዘዴ ሥልጠና አይጠግነውም። ከመለሱ ደግሞ ሁለተኛውን ጥያቄ ኢኮኖሚክስ ላልተማረ ባልደረባ በ7 ደቂቃ ያስረዱ፤ በስልክም ይቅዱት። በኋላ ሲያዳምጡ አንድ ነገር ብቻ ይቁጠሩ፦ ባልደረባዎን የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቁት በስንተኛው ደቂቃ ነው? ሰባቱንም ደቂቃ ብቻዎን ከተናገሩ ጉድለቱ ዘዴ ነው። ማስረዳቱን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ይሞክሩት። ተማሪዎችዎ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተምረው 9ኛ ላይ በድንገት እንግሊዝኛ ውስጥ የገቡ ናቸውና፣ "ኦፖርቹኒቲ ኮስት"ን (አንዱን ስንመርጥ የሚቀርብንን ሌላውን) ያለ እንግሊዝኛ ማስረዳት የማይችል መምህር ቃሉን አስተምሮ ሐሳቡን ሳያስተምር ይወጣል።

ወረቀቱን ለማወቅ የግል ማኅደርዎን መክፈት ይበቃል። የማስተማር ዲፕሎማ፣ የሙያ ፈቃድ ምዘና፣ የየዓመቱ የሙያ ማሻሻያ መዝገብ፤ የትኛው ጎድሏል? ወረቀት መፈለግ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ደረጃ ዕድገት የሚሠራው በእሱ ነው። ችግሩ ወረቀት ፍለጋ የተገባበትን ሥልጠና ዕውቀት ይሰጠኛል ብሎ መጠበቅ ነው።

ፒጂዲቲ

ድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ የተሠራው ለመጀመሪያው ዓይነት መምህር ነው፤ በትምህርቱ ዲግሪ ኖሮት ማስተማርን ላልተማረ። በሥራ ላይ ላለ መምህር በክረምት ይሰጣል፤ ለጅማና ለዙሪያዋ ቅርቡ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ውስጡ የትምህርት ሥነ ልቦና፣ ምዘና፣ የትምህርቱ ማስተማሪያ ዘዴ፣ ማይክሮ ቲቺንግ (በባልደረቦች ፊት አጭር የማስተማር ልምምድ)፣ ፕራክቲከም (በእውነተኛ ክፍል እየታዘቡት ማስተማር) እና ተግባራዊ ምርምር አለ። ኢኮኖሚክስ ግን የለበትም። የጂኦግራፊ ምሩቅ "ኢኮኖሚክስ እንዳስተምር ያግዘኛል" ብሎ ቢገባ ኢኮኖሚክሱን እንደገባበት ይዞት ይወጣል።

የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው። የማስተማሪያ ዘዴው ኮርስ ላይ የኢኮኖሚክስ ሰልጣኞች ጥቂት ከሆኑ ከሌሎች የማኅበራዊ ሳይንስ መምህራን ጋር ይደባለቃሉ፤ ምሳሌው ሁሉ የካርታ ንባብና የታሪክ ዘመን ይሆናል። ስለዚህ ሲሄዱ የራስዎን ሁለት ምዕራፎች ዕቅድ ይዘው ይሂዱ፤ አንዱ ግራፍ ያለበት፣ አንዱ የሌለበት ይሁን። ማይክሮ ቲቺንጉንም ግራፍ ባለበት ይሥሩት፤ አስቸጋሪው እሱ ስለሆነ።

ፕራክቲከሙ ደግሞ በሥራ ላይ ላለ መምህር በቀላሉ ፊርማ ማሰባሰብ ይሆናል። የሚታዘብዎትን ሰው "ገብተህ እየኝ" ከማለት ሦስት የሚቆጠሩ ነገሮች ይስጡት፦ ስንት ተማሪ ተናገረ፣ ግራፉ ላይ ሁለቱ ዘንጎች ስም ተጻፈላቸው ወይ፣ ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ መልሱን እስኪሰጡ ስንት ሰከንድ ጠበቁ። የመጨረሻው ብዙዎችን ያስደነግጣል።

ተግባራዊ ምርምሩ የሚወድቀው ርዕሱ ሲሰፋ ነው። "የተማሪዎች ውጤት ዝቅተኛ የሆነበት ምክንያት" የሚለው ርዕስ ለአንድ መምህር አይሠራም። "የ9ኛ ለ ተማሪዎች በከርቭ ላይ መንሸራተትንና የከርቭ መዛወርን እንዲለዩ በሳምንት ሁለት ቀን የ10 ደቂቃ የግራፍ ልምምድ" የሚለው ግን ይሠራል። በፊት 10 ጥያቄ፣ በኋላ 10 ጥያቄ፣ በመካከሉ 6 ሳምንት።

የክረምቱ አጭር ሥልጠና

የትምህርት ሚኒስቴር በ2016 ክረምት የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን በዩኒቨርሲቲዎች ሰብስቦ በትምህርቱ ይዘትና በማስተማር ዘዴ አሰልጥኗል። ይህን አይነቱን መምህሩ አይመርጠውም፤ የሚጠራው በትምህርት ቤቱና በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በኩል ነው። የሚመረጠው ይዘውት የሚሄዱት ነገር ነው። ከመማሪያ መጽሐፉ ማስተማር ያቃተዎትን አምስት ገጾች በስልክ አንሥተው ይሂዱ። የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ በለመደው መንገድ ሲያስረዳ ዴሪቬቲቭ ውስጥ ይገባል፤ የፍጆታ ንድፈ ሐሳብን በካልኩለስ ሠርቶ ያሳይዎትና ሁለታችሁም ደስ ይላችኋል። 9ኛ ክፍል ግን ካልኩለስ የለም። "ያለ ዴሪቬቲቭ፣ በሠንጠረዥ ብቻ አሳየኝ" የሚለው ጥያቄ የሥልጠናውን ዋጋ እጥፍ ያደርገዋል።

በትምህርት ቤት የሚሠራው የሙያ ማሻሻያ

ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ነው፤ አዲስ መምህር ደግሞ ለሁለት ዓመት በአማካሪ መምህር እየታገዘ ይሠራል። ሂደቱ ሁሉም የሚያውቀው ነው፦ ፍላጎትን መለየት፣ ማቀድ፣ መተግበር፣ መገምገም። ሁሉም የሚያውቀው ሌላም ነገር አለ፤ በብዙ ቦታ ሥራው ግንቦት ላይ ፖርትፎሊዮ መሙላት ሆኗል። እንዲያም ሆኖ ለዘዴ ጉድለት ከዚህ የሚሻል አማራጭ አለ ብለን አናምንም። የራስዎ ክፍል፣ የራስዎ ተማሪ፣ ያለ ክፍያ፣ ያለ ትራንስፖርት።

የኢኮኖሚክስ መምህሩ ችግር ብቸኝነቱ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት አንድ ወይም ሁለት ሆኖ ስለሚገኝ የትምህርት ቤቱ የማሻሻያ ርዕስ "ተማሪ ተኮር ዘዴ" የሚል ሁሉን የሚያቅፍ፣ ማንንም የማይነካ ይሆናል። መውጫው ከጉድኝት ትምህርት ቤቶች 4 ወይም 5 የኢኮኖሚክስ መምህራን ሆኖ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ መገናኘት ነው። 60ውን ሰዓት እንዲህ ይከፋፍሉት፦ የሁለት ሰዓት ስብሰባ 15 ጊዜ 30 ሰዓት፣ የትምህርት መርጃ ዝግጅት 15፣ አንዱ የሌላውን ክፍል መታዘብ 10፣ ግምገማና ጽሑፍ 5። ዕቅዱን መስከረም ላይ ለርዕሰ መምህሩ አቅርበው ያስጸድቁ። ሳይጸድቅ የተሠራ ሰዓት መጨረሻ ላይ አይቆጠርም፤ ክርክሩም መራራ ነው።

በአንድ ስብሰባ ምን ይሠራል? የገበያ ጨዋታውን እንደ ናሙና ይውሰዱ። ኢኮኖሚስቱ ቨርነን ስሚዝ በፈረንጆች 2002 የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው የገበያ ሙከራዎች አንዱን ለክፍል ያቀለለ ነው፤ የሚጠይቀውም 16 ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነው። ስምንቱ ለገዢዎች ነው፤ በየወረቀቱ ገዢው ሊከፍል የሚችለው ከፍተኛ ዋጋ ይጻፋል፦ 90፣ 85፣ 80፣ 75፣ 70፣ 65፣ 60፣ 55። ስምንቱ ለሻጮች ነው፤ ሻጩ ከዚያ በታች የማይሸጥበት ወጪው ይጻፋል፦ 50፣ 55፣ 60፣ 65፣ 70፣ 75፣ 80፣ 85። ዕቃው አንድ ኪሎ ቡና ይሁን። ተጫዋቾቹ ወረቀታቸውን ደብቀው 5 ደቂቃ ይከራከራሉ፤ የተስማሙ ጥንዶች መጥተው ዋጋቸውን ሰሌዳ ላይ ያስጽፋሉ። ዙሩ ሦስት ጊዜ ይደገማል። በመጀመሪያው ዋጋው ይበታተናል፤ በሦስተኛው ወደ 70 ይሰበሰባል፤ የሚሸጠውም 5 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሚዛኑን (ፍላጎትና አቅርቦት የሚገናኙበትን ዋጋና ብዛት) ማንም አልነገራቸውም።

ቀጥሎ የገዢዎችን ወረቀት ብቻ ሰብስበው እያንዳንዱ ላይ 10 ብር ይጨምሩ፤ የብራዚል ውርጭ ማለት ይኸው ነው። አዲሱ ሚዛን 75 ብርና 6 ኪሎ ነው። ገዢው 10 ብር ጨምሮ ዋጋው ለምን 5 ብቻ ጨመረ? የሚለው ጥያቄ የቀረውን ክፍለ ጊዜ ይሸፍናል።

የሚበላሽበትም ምክንያት ይታወቃል። ተማሪዎች ወረቀት ይተያያሉ፤ በኪሳራ የሚሸጥ ይገኛል (ዋጋውን ሰሌዳ ላይ ከመጻፍዎ በፊት ሁለቱንም ወረቀት ይመልከቱ)፤ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ደግሞ 44ቱ ሥራ ፈትተው ጩኸት ይሆናል። ለእነሱ ደብተር ላይ ዙር፣ ዋጋና ብዛት የሚመዘግቡበት ሠንጠረዥ ይስጡ፤ በየዙሩም ተጫዋች ይቀያይሩ። እነዚህን ስሕተቶች መጀመሪያ በአምስት መምህራን መካከል ተጫውቶ ማየት ነው የስብሰባው ሥራ።

ኢንተርኔት ላይ መማር

ለዕውቀት ጉድለት ፈጣኑና ርካሹ ይህ ነው። የካን አካዳሚ የማይክሮና የማክሮ ኢኮኖሚክስ ትምህርት በነጻ ይገኛል፤ ቪዲዮዎቹም አጫጭር ናቸው። ትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ካለው ኮሊብሪ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭኖ ትምህርቱን አንድ ጊዜ ካወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል፤ መብራትና ኔትወርክ ተማምኖ ለማይሠራ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ኮርሴራ ላይ የምስክር ወረቀት የሚሰጡ ኮርሶች አሉ፤ ክፍያው ለሚከብደው የገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ አለው። ካን አካዳሚ ግን የምስክር ወረቀት አይሰጥም። የኮርሴራውም ወረቀት በሙያ ማሻሻያ ሰዓት ይያዝልዎት እንደሆነ ከመጀመርዎ በፊት ርዕሰ መምህሩን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ድክመቱ ምሳሌው ሁሉ አሜሪካ መሆኑ ነው። የአሜሪካን ማዕከላዊ ባንክ፣ የፌዴራል ሪዘርቭን፣ ሥራ በደንብ ያወቀ መምህር ብሔራዊ ባንክን በዚያው መልክ ሊያስተምር ይፈተናል። እዚህ ላይ ለሁሉም አማራጭ የሚሆን አንድ ማስጠንቀቂያ እናስገባ፦ የሞጁሉን የታተመበት ዓመት ይመልከቱ። ብር በገበያ እንዲወሰን የተለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ብሔራዊ ባንክ በወለድ ላይ የተመሠረተ የገንዘብ ፖሊሲ ሲጀምር ምጣኔውን 15 በመቶ ያደረገውም በዚያው ወር ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው ጥር 2017 ነው። ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ሞጁል የውጭ ምንዛሬውን፣ የገንዘብ ፖሊሲውንና የፋይናንስ ገበያውን ምዕራፍ ትናንትና ላይ አቁሞ ያስተምራል፤ ተማሪው ደግሞ ዛሬን ከስልኩ ያያል። ሦስተኛው ዓይነት መምህር የሚያስፈልገው ብዙውን ጊዜ ይህን ማደስ ብቻ ነው፤ ለዚያ ዲግሪ አይገባም።

ሌላ ዲግሪ

ከሌላ ትምህርት ተመድቦ ኢኮኖሚክስን ለዓመታት ሊያስተምር ለተቀመጠ ሰው በኤክስቴንሽን ወይም በርቀት የኢኮኖሚክስ ዲግሪ መያዝ ምክንያታዊ ነው። ከመክፈል በፊት ፕሮግራሙ ለዚያው ካምፓስና ለዚያው የአሰጣጥ ስልት ዕውቅና ያለው መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያረጋግጡ፤ የኮሌጁ ስም መታወቁ ብቻ አይበቃም። ከ2015 ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ሒሳብና ስታቲስቲክስ የራቀው መምህር የሚደናቀፈው ኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ የሚመረምረው ኮርስ) ላይ ነውና ሒሳቡን ከመመዝገቡ በፊት በነጻው መንገድ ያድስ።

ለማስተርስ አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። የኢኮኖሚክስ ማስተርስ ሒሳብ የበዛበት ነው፤ ወደ ባንክ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሄድ ያገለግላል፤ 9ኛ ክፍልን በተሻለ ለማስተማር ግን ከልክ ያለፈ መንገድ ነው። በትምህርት ቤት ለመቆየት ያሰበ ሰው የሥርዓተ ትምህርትና የማስተማር ዘዴን ማስተርስ ቢያስብ ይሻለዋል።

ሒሳቡ

ኦፖርቹኒቲ ኮስትን የሚያስተምር ሰው የራሱን አለማስላቱ ያስቃል። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ ናቸው። አንድ የአጋሮ መምህር ክረምት ሁለት ወር ጅማ ሊማር ነው እንበል። ለቤት ኪራይ በወር 2,500፣ በየሳምንቱ ቤተሰብ ጋር ደርሶ ለመመለስ 300 ብር ይከፍላል፤ ክረምት ሲያስጠና በወር 4,000 ያገኝ ነበር። ክፍያው በሙሉ ተሸፍኖለት እንኳ ኪራዩ 5,000፣ ትራንስፖርቱ በ8 ሳምንት 2,400፣ የቀረበት ገቢ 8,000 ይሆናል፤ ድምሩ 15,400 ነው። ምግብ አልተቆጠረም፤ አጋሮ ቢሆንም ይበላ ነበርና፤ የሚቆጠረው ልዩነቱ ብቻ ነው። "ነጻ ሥልጠና" የሚባለው ይህን ያህል ይወስዳል። የደረጃ ዕድገቱ በስንት ወር ይመልሰዋል የሚለውን በራስዎ የደመወዝ ልዩነት አካፍለው ይዩት።

ማን ምን ይያዝ

በኢኮኖሚክስ ተመርቀው ማስተማር ያልተማሩ ፒጂዲቲውን ያስቀድሙ፤ እስኪደርስ ግን ከመስከረም ጀምሮ የቅዳሜውን ቡድን ይቀላቀሉ። ከሌላ ትምህርት የመጡ ፒጂዲቲን ይተዉት፤ በመጀመሪያው ዓመት ከኢንተርኔት ማይክሮውን፣ ቀጥሎ ማክሮውን ጨርሰው ሦስቱን ጥያቄዎች እንደገና ይሥሩ፤ ዲግሪውን ከዚያ በኋላ ያስቡበት። ከአካውንቲንግ የመጡ አንድ ጥንቃቄ አለባቸው፦ ወጪና ትርፍ በሒሳብ መዝገብና በኢኮኖሚክስ አንድ ትርጉም የላቸውም። አካውንታንቱ አትራፊ ያለው ሱቅ ባለቤቱ ሌላ ቦታ ቢቀጠር የሚያገኘው ደመወዝ ሲቀነስበት ለኢኮኖሚስቱ ከሳሪ ሊሆን ይችላል። ሞጁሉን ከዚያ ምዕራፍ ይጀምሩት።

ርዕሰ መምህር ሆነው አንድ የሥልጠና ቦታ መጥቶልዎት ሁለት መምህር ካለዎት፣ በአገልግሎት ዘመን ከመለየት ሁለቱንም ከላይ ያሉትን ሦስት ጥያቄዎች ያሠሯቸው። የይዘት ሥልጠና ከሆነ ብዙ የሳተውን፣ የዘዴ ሥልጠና ከሆነ መልሱን እያወቀ ሰባቱን ደቂቃ ብቻውን የተናገረውን ይላኩ። የተላከው ሲመለስም በሁለተኛው ሳምንት የተማረውን አንድ ክፍለ ጊዜ በሌሎቹ ፊት እንዲያሳይ ከመሄዱ በፊት በደብዳቤው ላይ ይጻፉለት፤ ከተመለሰ በኋላ የሚጠየቅ ነገር ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።